ሩብ ሰዓት ንግሥና

ከጎርጎራ በላይ፣ የፍየል መዋያ፣
ጣሪያው የወደቀ የንጉሥ መታጠቢያ።
ዘበኛው ፈንቴ ነው፤ ዱላና ደረሰኝ፣
አንድ አሮጌ ካፖርት። ግድግዳውን አሳየኝ፦

«ኖራው ላይ ይኼ ጣት የማን ይመስልሃል?
የንጉሥ አይደለም፤ ንጉሥ መች ይለስናል?
ደረጃው መሐሉ እንደ ማንኪያ ጎድጉዷል፣
እንስራ አዝሎ ስንቱ ወጥቶ ወርዶበታል።
ከጣና እዚህ ድረስ ሽቅብ እየሳበ፣
ለአንድ ሰው መታጠቢያ ስንቱ በላብ ታጠበ።
ስማቸው? እንጃልኝ። ደረሰኙ ላይም
ዘውድ ብቻ ነው ያለ፤ እንስራ የለበትም።»

ዝም አለ። ግራ ቀኝ አየና ጠጋ አለኝ፦
«ለሚስቴ ለጠጂቱ እንኳን አልነገርኩኝ።

አምና በሐምሌ ነው፤ ሦስት ሌሊት ሲዘንብ
ገንዳው ሞላ እስከ አፉ። ማንም የለም፤ እርግብ
እንኳ አልነበረችም። ጫማዬን ፈታሁኝ፣
ካፖርቴን አጠፍኩና መለመላዬን ገባሁኝ።
እግሬን ዘረጋሁት፣ ጀርባዬን አስደገፍኩት፣
እዚያች ድንጋይ ላይ፣ እሱ በተኛበት።
አንዲት እንቁራሪት ቁጢጥ ብላ አይታኝ
እጅም አልነሣችኝ፤ ገብቷታል መሰለኝ።

ጥርሴ ተንገጫገጨ። ንጉሥ ነኝ አልኩና
«ውሃ አሙቁ!» ብዬ ጮህኩኝ ወደ ጣና።
ማን ይመልስልኝ? ከደንገሉ መሐል
ጉማሬ አጉረመረመ። ሌላ ማን ይመጣል?

ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው የነገሥኩት በሙሉ።
ውሃ ካደረበት ግንቡ ይፈርሳል ይላሉ፤
ባልዲዬን አነሣሁ።
እስኪነጋ ቀዳሁ። ፋኖስ አልያዝኩም፤
እግሬ ጎድጓዳውን አንዴ እንኳ አልሳተም።»