ጆሮ ለባለቤቱ

ኦውሉ፣ ሰሜን ፊንላንድ፣ ጥር ነው። ወንዙ ድንጋይ ሆኗል፤
ቀን የሚሉት ነገር ዘጠኝ ሰዓት ሲል ያልቃል።
እኔ ከአራተኛ ፎቅ፣ ከመስኮቱ ጥግ ላይ፣
ባቄላ የሚያህል ማዳመጫ ከፍቼ ሆዱን ሳይ፣
ሙዚቃው መች አነሰው? ድምፁ መች ጎደለ?
አለቃዬ ያርሞ ግን «ልብም ይቁጠር» አለ።

ጨመርኩበት ሰሊጥ የምታህል መብራት አረንጓዴ፣
ቆዳ ስር እየገባች ደምን የምትጠይቅ፦ «አሁን አለፍክ እንዴ?»
ቀላል ይመስላል።
ግን ሰው ያኝካል፤
መንጋጋው በዞረ ቁጥር ጆሮው ይነቃነቃል፤
ደረቅ የአጃ ዳቦ የነከሰ ሁሉ መቶ ሰማንያ ይመታል።

ሃያ ሁለት ፈቃደኞች መዘገብን ለክረምቱ፤
ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ፤ እንዲህ ይላል ስምምነቱ።

ቁጥር ዘጠኝ አስቸገረኝ።
ሌሊት ስምንት ተኩል ላይ ማዳመጫውን ያጠልቃል፤
ሃያ ደቂቃ ያህል ልቡ በደንብ ይቆጠራል፤
ከዚያ ድንገት ዜሮ። መስመሩ ቀጥ ይላል።
ሞቶ ያነጋል።
አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል ከሞት፣
ሰባ ሁለት እየመታ፣ ቁርስ እየበላ ምናልባት።

በሦስተኛው ቀን ገባኝ። ብርዱ ነው።
ከዜሮ በታች ሃያ ስምንት ሲገባ የጆሮ ደም ይሸሻል፤
ሰውየው ቤት አለ፣ ጆሮው ግን በሩን ዘግቷል።
ቀጥሎ ሌላ ገባኝ፤ ባይገባኝ ይሻል ነበር፦
በዚህ ከተማ በስምንት ተኩል ተነስቶ በረዶ የሚጠርግ፣
ቆብ አጥልቅ ቢሉት የሚቆጣ
አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው የማውቀው።
ቬይዮ፣ የእናቴ ወንድም።

ብርዱን በሒሳብ ቀነስኩ፤ ማኘኩንም አጣራሁ፤
በቀረችው ሃያ ደቂቃ ላይ ዓይኔን ጥዬ ቀረሁ።
ሁለት ይመታል፤ ይዘላል። አንድ ይመታል፤ ይቸኩላል፤
በጨለማ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ይሳሳታል።
ትናንትም፣ ከትናንት በስቲያም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ለሐሜት ይመስለኝ ነበር፤
ለካስ ለደምም ነው፣ ለገዛ ልብ ምስጢር።
ውሉ ግን ይላል፦ አትፈልጊ፤ ብታውቂም አትናገሪ።
ሦስት ጊዜ አነበብኩት።
ከዚያ የመኪናዬን መስታወት በረዶ መፋቅ ጀመርኩ።

ቬይዮ ማዕድ ቤት ቆሞ የዓሣ ቅርፊት ይፍቃል፤
ሬዲዮው የቆየ ታንጎ ይዞ አኮርዲዮኑ ያለቅሳል።
ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። በእኛ ቤት ዝምታ ሰላምታ ነው፤
ረጅም ሰላምታ ተለዋወጥን።
«አጎቴ፣ ልብህ…» አልኩ።
ቢላዋውን አላቆመም። «አውቃለሁ» አለ።

«ሄልቪ ከሞተች ወዲህ፣ በግራ ጎኔ ስተኛ፣
ጆሮዬ ትራስ ላይ ሲያርፍ ይሰማኛል ያ መንገደኛ፦
ሁለት እርምጃ ይሄዳል፤ ይቆማል፤
ከኋላው የቀረ ሰው ያለ ይመስል ይጠብቃል።
ትራሴ ባትሪ አይፈልግም። ለማንም አይናገርም።»
ቅርፊት ከእጁ ላይ አራገፈ።
«ከመስከረም ወዲህ ዛሬ መምጣትሽ ነው።
እንግዲህ ዕቃሽ ይሠራል።»

ዓሣውን በላን፣ አጥንት እየለቀምን።
ሰኞ ጤና ጣቢያ ደወልኩለት፤ ለሐሙስ ቀጠሩት።
ይሂድ አይሂድ አላውቅም።

ማክሰኞ ስብሰባ ነበር። ያርሞ ጠየቀ፦
ልብ ሲዛባ ማዳመጫው ጆሮ ውስጥ ምን ይበል?
አንዱ «አደጋ» አለ። አንዷ፣ ቃል ያስደነግጣል፣ ደወል ይሁን አለች።
እኔ ሰሌዳው ላይ «ልብ በል» ብዬ ጻፍኩ።
ቆሜ አየሁት። በመዳፌ አጠፋሁት።
«ልብ በዪ» ብዬ ጻፍኩ።
«ለማን ነው?» አለ ያርሞ።