አጥንት የሌለው

ሥራዬ አጥንት ማየት ነው።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ከሐይቁ ዳር፣ መስኮት በሌላት ክፍል፣
«ትንፋሽ ያዝ» ስል፣ «ተንፍስ» ስል፤
ጎድን አንሥቻለሁ፣ ቅልጥም፣ ክንድ፣ ትከሻ፤
ነፍስ ግን ከፊልሜ ወጥታ አታውቅም፣ እስከ ዛሬ ማምሻ።
የለችም አልልም።
ጨውም በራጅ አይታይም፤
ወጡ ግን ያለሱ አይጥምም።

አንሙትን ያመጡት በነሐሴ፣ ለረቡዕ አጥቢያ፣
ጉማሬ ታንኳውን ገልብጦበት፣ ከደብረ ማርያም ወዲያ።
«ነጭ የለበሰ» አለ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣
«ፊት የለው፣ ድምፅ የለው፣ ከጨለማው የመነጨ፤
ክንዴን ያዘኝ። ከዚያ ወዲያ እኔ አላውቅም፤
ሲነጋ ዳር ላይ ነበርሁ።»

ኮሪደሩ ጉባኤ ሆነ።
መሪጌታ ልሳነወርቅ፣ ለጉልበታቸው ተራ ይዘው፣
መቋሚያቸውን ከግድግዳው አስደግፈው፣
«የክብራኑ ገብርኤል ነው፤ ሌላ ማን ሊሆን ኖሯል?
ነቢዩ ያላየውን አህያዋ አይታው የለም?
ዓይንን የሚገልጥ ባለቤቱ ነው፣ ለፈቀደው ይገልጣል።»
እኅቱ ሶስና፣ ጸሎት ቤት የምትሄደው፣
«መንፈስ ይመረመራል» አለች፣ «ነጭ የለበሰ ሁሉ መልአክ አይደለም፤
ጨለማስ ብርሃን መልበስ መች ተስኖት ያውቃል?»
ሚስቱ ግን ከጥግ ሆና፦
«አባቱ ነው። ሐይቁ ነው የበላው፤ ሰባት ዓመቱ፤
ለቀብር እንኳ አልተገኘም፣ አንዲት አጥንቱ።»
«ሙት አይዞርም!» አሉ፣ መሪጌታውም እኅቲቱም ባንድ አፍ፤
የዚያን ሌሊት የተስማሙት በዚች ብቻ ነበር፣
በዚችም ሴትዮዋን አስለቀሷት።

አንዲት እማሆይ፣ ዳሌያቸውን የወደቁ፣
ከአልጋው ላይ ሆነው ሳቁ፤
«እኔ ዘንድ መልአክ ቢመጣ "ቤት ተሳስተሃል" ነው የምለው።
ኃጢአቴን እንኳ በቅጡ አላየሁም፤ እሱን ልይ አስቀድሜ»
ብለው ተከናንበው ተኙ።

እኔ ሥራዬን ሠራሁ።
ሦስት ጎድን፣ እንደ ደረቀ ደንገል የተሰነጠቀ።
ክንዱን ላስተካክል ሳነሣ ግን አየሁ፣
ፊልም የማይዘውን፦
አራት ጣት፣ አንድ አውራ ጣት፣ በልዞ የጠቆረ።
ትዝ አለኝ፣ በሌላ ሐይቅ፣ በሌላ ሌሊት፣ በጀልባ ላይ የጮኹት፣
የሚያድናቸውን ምትሐት ያሉት፤
ኋላም፣ ከመቃብሩ ማግስት፣ እጁን ዘርግቶ ያስዳሰሳቸው።
መንፈስ አጥንት ከሌለው፣
ይህን ክንድ የጨበጠው ማነው?

ሐሙስ አንዲት ሴት መጣች፤ እንጉዳይ፣ ደንገል አጫጅ፤
ትከሻዋ ወልቆ፣ ነጠላዋን እምቦጭ አረንጓዴ አቅልሞት።
«ምን ከብዶሽ ነው?» «ደንገል።»
ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰቀልሁት።
ደንገል እንዲህ አያወልቅም።
ዝም ብዬ አየኋት። ዝም ብላ አየችኝ።
«ሰው ነበር» አለች በመጨረሻ፣ «ዳር አስተኝቼው ሄድሁ፤ አደራ እንዳትነግርብኝ፤
ደንገሉ ተከልሏል፣ በቀን ያባርሩናል፣ በሌሊት ነው የማጭደው።»

እንግዲያስ ተፈታ፣ አልሁ በልቤ፤
ሥጋ ነው፣ አጥንት ነው፣ እነሆ ከነስብራቱ።
በሩ ላይ ደርሳ ተመለሰች፦
«አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ የተማርህ ሰው ነህ።
እኔ ሲጮኽ አልሰማሁም፤ ዝናቡ ጆሮ ይደፍን ነበር።
ከውሃው በላይ ነጭ ነገር ቆሞ አይቼ ነው ወደዚያ የቀዘፍሁት።
የውሃ ወፍ መሰለኝ።
የውሃ ወፍ፣ በሌሊት፣ በዚያ ዝናብ፣ ይቆማል እንዴ?»

«እንጃ» አልኋት።

ማታ፣ ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን ሰቀልሁ፤
የሱን ጎድን፣ የሷን ትከሻ።
በመሀላቸው አራት ጣት የምትሆን ክፍተት ቀረች፤
ምንም የለባትም፣ መብራቱ ብቻ፣
ነጭ።