ሁለት ጊዜ ያሸሁት ቁጥር

ሥራዬ ቀላል ነው፤ እርሳስ፣ ስስ ወረቀት፣ አንድ ቁራጭ ጨርቅ፣
ግራሶ ጠርጎ፣ ቁጥሩን አሽቶ፣ ከሊብሬው ጋር ማስታረቅ።
ፑዌብላ ውስጥ፣ ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ፣ በምርመራው ጓሮ፣
ሰልፉ ከንጋት ይጀምራል፣ ታክሲው እስከ አስፋልቱ ተደርድሮ።

ጹሩ ይሉታል እዚህ አገር፤ በየሰፈሩ የሚርመሰመስ፣
ሙሽራ የሚያጅብ፣ ሐኪም ቤት የሚያደርስ፣ ሽንኩርት የሚያመላልስ።
ውጪው አያታልለኝም፤ መብራት ይነቀላል፣ ቀለም ይቀባል፣
የልጅ ፊት በአባት ትከሻ ላይ ባንድ ሌሊት ይበየዳል።
እኔ የማምነው ኮፈኑ ሲከፈት ነው።

ሁለተኛው ትውልድ፣ ማዕዘኑ በማስመሪያ የተሰመረ፣
ስምንት ቫልቭ፣ አንድ ካርቡራተር፣ ብርድ ሲነካው ማሳል የጀመረ፤
ቺንጋው ኩሩ ሽማግሌ ነው፤ አመመኝ ሳይል ይበጠሳል።
ሦስተኛው ጠርዙ ለዘብ ያለ ነው፤ ግን እሱም ሰው ያሳስታል፦
የመጀመሪያዎቹ ልጆች አዲስ ልብስ ለብሰው ባሮጌ ልብ ወጡ፣
አሥራ ስድስቱ ቫልቭና ካቴናው ኋላ ነው የመጡ።
ስለዚህ አንዱ «ሦስተኛው ነው» ሲለኝ፣ «የትኛው ሦስተኛ?» እላለሁ፤
ቴስታታውን ቆርቆር አድርጌ ዘር ማንዘሩን እጠይቃለሁ።

ማክሰኞ ዕለት ናቦር የሚሉት መጣ፣ ፂሙ ገና ያልጠና፣
ሁለተኛውን ትውልድ እየነዳ፤ «ከአጎቴ ነው፣ ኦሪጅናል ነው ሴኞራ» አለኝ በትሕትና።
ሞተሩን አላጠፋም። ሰማሁት።
ካቴና!
በዚህ ቀፎ ውስጥ ካቴና ምን ይሠራል?
የአያቱን ካፖርት ደርቦ ጎረምሳ ይጨፍራል።

ኮፈኑን ገለጥሁ። ማቀፊያው በባዕድ ብረት ተቀጥሏል፣
የቴስታታው ክዳን ብሎኖች አናት ግን አረንጓዴ ነጥብ ይዟል።
አረንጓዴ የጥፍር ቀለም ነው። የእናቴ።
አባቴ ኤራስሞ ከመሳቢያዋ እየሰረቀ፣
ነጥብ ያሳርፍ ነበር፣ እያንዳንዱን ብሎን እያጠበቀ።

ከካምቢዮው ጥግ ግራሶውን በጨርቄ ጠረግሁ፣
ወረቀቱን ለጥፌ እርሳሴን አጋድሜ አሸሁ።
ሰባት። ዜሮ። አራት። አራት።
ቀሪውን እርሳሱ ሳይደርስበት አፌ ጨረሰው።
ሌላ ልጅ በጣቱ ሲቆጥር፣ እኔ መቁጠር የተማርሁት በዚህ ነው፣
አባቴ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦኝ፣ ጣቴን በብረቱ ላይ እየመራ፣
እናቴ «ቀሚሷን አቆሸሽከው!» እያለች ከኩሽና ስትጣራ።

ታክሲውን ከሸጥን አሥራ ዘጠኝ ዓመት፤ ለሆስፒታል ነበር ብሩ።
ኋላ አትሊክስኮ መንገድ ላይ ተጨፈለቀ ሲሉ ሰማን መንደሩ።
ስለ ሞተሩ ማንም አልጠየቀ።
የሚጠይቀው ሰው ብሩ ሳያልቅ አለቀ።

«ችግር አለ?» አለ ናቦር።

ቅጹ ላይ «አይገጥምም» ብዬ ጻፍሁ። ሌላ ቃል የለውም ሥራዬ።
ፊቱ ጠቆረ። «ሦስተኛው መስኮት ሂድ» አልሁት ድምፄን ዝቅ አድርጌ፤
«የሞተር ለውጥ ቅጽ ሙላ። ደረሰኝ ከሌለህ ምስክር ይበቃል፣ ሁለት።»
«ምስክር ከየት አመጣለሁ? አጎቴ ሞቷል፣ እኔ ብቻ ነኝ ያለሁት።»
«አንዷ እኔ ነኝ።»

ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባው። አላስረዳሁትም እኔም።
አዲስ ወረቀት አውጥቼ ቁጥሩን ዳግመኛ አሸሁ፤ ይህኛው ለመዝገቡ አይሆንም።
አራት ቦታ አጥፌ ከሽርጤ ኪስ ከተትሁት፤
እሱ ኮፈኑን ሊዘጋ ሲል እጁን ያዝሁት፦

«ሦስተኛው ካንዴላ ይስታል፤ ገመዱን ቀይረው» አልሁ።
«እንዴት አወቅሽ?»
«ድሮም እሱ ጋ ይስት ነበር።»