የጠፋኝ ነገር

«ጫማሽን አውልቂ» አለኝ፣ ሩስላን ሰዓቱን ጨብጦ፤
አሸዋው ተቀበለኝ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ውጦ።
የመሮጫው መም ደግ ነው፣ የረገጡትን ይመልሳል፤
ይሄ ግን ብድር በላ ነው፣ የሰጡትን ይጨርሳል።
በስድስተኛው ምልልስ ባቴ እንደ ፍም ነደደ፤
የአሽዶድ ማዕበል መጣና ዱካዬን ልሶ ሄደ።

አቶ ይርዳው ከመንገዱ ዳር ሲያዩኝ፣ ሲያዩኝ ቆይተው፣
«ልጄ፣ ምን ጠፋሽ?» አሉኝ፣ ምርኩዛቸውን ይዘው መጥተው።
«ሦስት ሰከንድ» አልኳቸው።
ጎንበስ ብለው ፈለጉልኝ፣
በምርኩዝ ጫፍ አሸዋ ጭረው።

ከሁለት ወር በኋላ
መሙ ላይ ስቆም
መሬት ከሥር ገፋኝ፤ እግሬ አልከበደኝም።
ሁለቱን አገኘኋቸው።
አንዷ ግን እዚያው ባሕሩ ዳር፣ አሸዋ ውስጥ ቀርታለች፤
የአቶ ይርዳው ምርኩዝ ዛሬም
በየማለዳው ትፈልጋታለች።