የማማው ዘበኛ

ከየካ አባዶ ጀርባ፣ ከኮረብታው ጫፍ ላይ፣
ወርዶፋ ያነጋል ቀይ መብራት ሲያይ፤
ከብረቱ ማማ አናት፣
ይጠቅሳል መብራቱ፣ ማንን እንደሁ እንጃለት።

ካፖርቱ የድርጅት፣ ዱላው ግን የራሱ።
የከተማው ወሬ፣ የሐዋላው ብር፣ የፍቅረኛ ለቅሶ
ሌሊቱን ሙሉ ያልፋል በላይ በራሱ፣
ቆቡን እንኳ ሳይነካ።

ትናንት የልጁ የሂርጴ ውጤት ወጣ ተባለ።
«የት ነው የወጣው?» አለ።
«ኦንላይን ነው ጋሼ፣ በርስዎው ማማ በኩል»
አለው ባለሱቁ ልጅ፣ ሃያ ብር ተቀብሎ፣
ስልኩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ።
«ሲስተም የለም፤ ነገ።»

ማታ ወርዶፋ ወደ ኮረብታው ተመለሰ፤
በዱላው ጫፍ ብረቱን አንዴ ኳ አደረገ፣
«የልጄን ነገር ሰምተህ ይሆን?» እንደማለት።
ብረቱ ጮኾ ዝም አለ።
መብራቱ ጠቀሰ።