የከርሞር በሮች

በከርሞር መንደር ውስጥ በር ከበር አይመስልም፣
ዛፍ ቆርጦ፣ ጠርቦ፣ መዝጊያ የሠራ የለም።
በእኛ ቤት ሳንቃ ላይ፣ በደበዘዘ ቀለም፣
የአንዲት መርከብ ስም አለ፤ ግማሹ ብቻ ነው፤
የቀረውን ግማሽ ጎረቤት ወሰደው፣
ለዶሮ ቤት አዋለው።

ጫካቸው ባሕር ነው፣ መጥረቢያቸው ዐለት፣
ካሬግ የሚባለው፣ ከማዕበል በታች ያደፈጠ ስለት።
የክረምቱ ሌሊት ጮኾ፣ ጮኾ ሲነጋ፣
መንደሩ ይወርዳል ዕጣውን ፍለጋ፤
ሸራ፣ የወይን በርሜል፣ ያልተለኮሰ ሻማ፣
አንዳንዴም ሰው፣ ባንድ እግሩ ጫማ።
ሰውየውን ቀበሩት።
በርሜሉን ጠጡት።

መሐንዲስ ከከተማ ገመድ ይዞ መጣ፣
ዐለቱን ለካና ሸንጎ ፊት ወጣ፤
«ፋና እናቁም» አለ፣ «ካሬግ ሰው እንዳይበላ።»
ሶአዚግ ተነሣች፣ የአያቴ እናት፣ ከኋላ፦
«እሰየው፣ መብራት ይምጣ፤ የሰው ነፍስ ትትረፍ፤
ግን ጣራዬ ያፈሳል። ሳንቃ ከየት ልዝረፍ?»
ሸንጎው ሳቀ።
እሷ አልሳቀችም።

አሥራ አንድ ዓመት ፈጀ። በመጀመሪያው በጋ
ባሕሩ የፈቀደው፣ ቢለቀም ቢደመር፣
አሥራ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤
ያውም በሆድ ተኝቶ፣ ባንድ ክንድ ዐለት አቅፎ፣
ባንድ ክንድ መዶሻ።
ሦስት ሰው ውኃ ወሰደ። ማማው ግን አደገ፣
ሁለት መቶ ሠላሳ ደረጃ ፈለገ፤
ከአናቱ መስታወቱ፣ የማር ሰፈፍ መሳይ፣
ሁለት ቶን ክብደቱ በባዜቃ ገንዳ ላይ
ተንሳፎ፣ ልጅ በጣቱ ገፋ ቢያደርገው
ሳይተነፍስ የሚዞር።

ላምባ ለኳሹስ ማን? የሶአዚግ ልጅ፣ ጉልቨን።
በመጀመሪያ ደመወዙ ሳንቃ ገዛላት፣ አዲስ፣ ከነሽታው።
እጇን አላሳረፈችበትም፦
«ያልሰጠመ እንጨት» አለች፣ «ውኃ አይችልም።»

ከጉልቨን ወደ ታንጊ፣ ወደ አባቴ ወረደ።
ሁለት አጭር ብልጭታ፣ አንድ ረጅም፣ ከዚያ
ዘጠኝ ሰከንድ ጨለማ፤
መርከበኛ ሁሉ በዚህ ነው የሚለየን።
መስታወቱን የሚያዞረው ብረት ቁልቁል ወርዶ ሲያልቅ
አባቴ በእጁ ጠምዝዞ መልሶ ይሰቅለዋል፣
በየአራት ሰዓቱ።
ለዕረፍት ቤት ሲመጣም፣ ከእናቴ ጎን ተኝቶ፣
በየአራት ሰዓቱ እጁ ባየር ላይ ይዞራል።
ማለዳ ከሰገነቱ ወፍ ይለቅማል፣
ብርሃን ያመኑትን፣ መስታወት የሰበራቸውን።
ስንት እንደሆኑ ይጽፋል፤ ማንም አልጠየቀውም።

ከዚያ ሄሊኮፕተር፣ ሣጥን፣ ሽቦ፣ አንድ ጎረምሳ፦
«ከእንግዲህ ሰው አይፈልግም።»
አባቴ ቁልፉን ሰጠ። አንድ ነገር ጠየቀ፦
«ወፎቹንስ ማን ያነሣ?»

ጣራችን ዛሬም ያፈሳል። ሌሊት ባልዲ ልደፋ
ስወጣ፣ ፋናው ከባሕር መንደሩን ይዳስሳል፤
አንዱ ብልጭታ በራችንን፣
ቀጣዩ ዶሮ ቤቱን፤
በሦስተኛው፣ በረጅሙ፣ የመርከቧ ስም ሊገጥም ይደርሳል።
አንብቤ ሳልጨርስ፣
ዘጠኝ ጨለማ።