ስሙ ሥራ ላይ ነው

የኮሌጁ ማዕድ ቤት መስኮቱ ሰፊ ነው፣
ጦርነትን እኔ የማየው በዚያ ነው።
ከሣሩ ሜዳ ላይ፣ ጊታር ተሸክሞ፣
ያ የዳኛው ልጅ ቆሟል ዛሬም ደግሞ።
ባዶ እግሩን ነው፤ አውልቆ ያን ውድ ጫማውን
ከዛፍ ሥር አስቀምጦታል፤ እንደ ውሻ ጌታውን
ይጠብቃል ጫማው።

«እኔ ወታደሩ» ይላል ዘፈኑ ሲጀምር፣
«እኔ ጭቃ ውስጥ ያለሁ፣ እኔ ከሩዙ ሥር...»
ከሸክላ ነው የለቀመው፣ ቃል በቃል፣ ከነሳሉ።
«እኔ» ሲል ያምርበታል። ልጃገረዶቹ ያለቅሳሉ።
በወንዶቹ ኪስ ግን አንዳንድ ወረቀት አለ፣
«ተማሪ ነውና ይቆይ» የተባለ።

ከወንዙ ማዶ፣ እኛ ከብረት ፋብሪካው ሰፈር፣
እንዲህ ያለ ወረቀት መቼም ታድሎ አያውቅ ነበር።
እኛ ዘንድ የሚመጣው ሌላው ነው፦ ቀንና ሰዓት፣
የአውቶቡሱ ቁጥር፣ «ቅያሪ ካልሲ፣ ሁለት»።
ወንድሜ ኤሚል ካልሲዎቹን አጣጥፎ ሄደ፤
አባቴ ሊሸኘው ፈልጎ፣ ፈረቃው አልፈቀደ።

ዕረፍት ሲሆን መጣ፣ በጓሮው በር በኩል፣
ክሩ ጣቱን ቆርጦት ደም ይንጠባጠባል።
«ይቅርታ፣ ፋሻ ይኖራል?»
ትሑት ነው፣ ልዋሽ አልችልም፤
ከነሱ መካከል «ቬርና» ብሎ የሚጠራኝ ሌላ የለም።
እጁን ከቧንቧው ሥር ያዝኩለት። ለስላሳ ነው።
ከዚያ ዘፈን ሁሉ በዓይኔ ያየሁት ደም ይኸው ነው።

«እዚያ ሰው አለሽ?»
«ወንድም።»
«ስሙ ማነው?»
ነገርኩት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ በዜማው ለካው።
ኤ፣ ሚል። ሁለት ምት። ልክክ አለለት፤ ዓይኑ በራ።
«አሁን ስወጣ፣ እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስሙን ብጠራ?»
«ተወው» አልኩት፣ ፋሻውን ጠበቅ አድርጌ እያሰርኩ፣
«ስሙ ሥራ ላይ ነው። ገና እየተጠቀመበት ነው ልጁ።»

ጆሮው ድረስ ቀላ። አመስግኖኝ ወጣ።
እኔም ቂም ይዤ ልቆይ ነበር፣ አንድ ነገር ባይመጣ፦
ደብዳቤው። ከዳ ናንግ፣ በመስከረም የጻፈው፣
ከሳሙናው መሳቢያ ከታች ነው ያለው።
«ማታ ማታ» ይላል፣ «ሬዲዮ ካገኘን
ያንን የሰላም ዘፈን ነው ሁላችን የምንሰማው። ጠዋት አፋችን ላይ አድሮብን
ጠመንጃ ስንወለውል እናንጐራጉረዋለን።
የዘፋኙ ጥፍር ንጹሕ ነው፣ አይደል? እያልን እንስቃለን።
ደሞ እንደግመዋለን።»

ስለዚህ እንግዲህ ምን ልበል? ዘፈኑ የማን ነው?
አባቴን ብጠይቀው ሬዲዮኑን ያጠፋዋል።
ሳህኑ መቶ ሠላሳ ይሆናል፣ ግማሹ ጥብስ እንደተተወ፤
ስለ ረሃብ ሲዘፈን ነው የበረደው።

ጭብጨባ። እንደገና ጀመረ፣ በታሰረ ጣቱ።
ሦስተኛው ስንኝ ላይ፣ ዜማው ከፍ ሲል፣ እዚያው ቦታ
ሁለት ምት ዝም አለ።

ሁለት ምት፣ ሙሉ ሜዳው ላይ፣ ምንም።
አክብሮት ይሁን ወይ ጣቱን አሞት፣ አላወቅኩም።
ሳህኑን አስቀመጥኩ። ውሃውን ግን አልዘጋሁም።